የመዝገብ ጠባቂው ዝምታ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የገፈርሳ ግድብ ዘንድ ሳይደርስ የሚያገኛት ቡራዩ፣ የእርሻ ማሳዋና የባሕር ዛፏ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ወደ ቤትና ወደ መንገድ የተለወጠባት፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህም ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከሌሎቹ ጎረቤቶቿ ጋር ሸገር በተባለው ከተማ ሥር የተጠቃለለች፣ ነዋሪዋ የበዛ፣ መዝገቧም ከነዋሪዋ ጋር አብሮ የበዛ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ፣ ስሙን መጥራት በማልፈቅደው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለጉዳይ በተቀመጥሁበት ቀን የሰማሁት አንድ ቃል ከልቡናዬ አልወጣ ብሎኝ ስለ ሰነበተ፣ ዛሬ በጽሑፍ ልሟገተው ተነሥቻለሁ።

ቃሉን የተናገረው የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች የሚጠብቅ፣ ትሑትና ትጉህ የሆነ ወጣት ነው። ጉዳዬ እስኪፈጸም ድረስ ስለ ሥራው ስናወጋ፣ የሠራተኞቹና የባለ ጉዳዮቹ ስም ሁሉ የተመዘገበበት ዳይሬክቶሪ ሰርቨር የሚባለው ማሽን፣ ከመሥሪያ ቤቱ መስመር ጋር ለተገናኘ ለማንኛውም ጠያቂ፣ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ፣ የሰውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ከስልክ ቁጥሩና ከክፍሉ ጋር የሚያወጣ መሆኑን፣ ይህንም ጉድለት አንድ ጓደኛው ከወራት በፊት እንዳሳየው፣ አለቆቹም ሰምተው «ሲመች ይስተካከላል» እንዳሉ ያለ ሐፍረት ነገረኝ። እኔ ደንግጬ «እንዴት ዝም ትላላችሁ ልጄ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ታየ እንጂ ምን ተወሰደ? ስምና ስልክ እኮ ነው» ሲል መለሰልኝ።

ወጣቱን አልወቅሰውም፤ ቃሉ የእርሱ አይደለምና። በስብሰባ አዳራሽ አለቆች ሲናገሩት፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ሰዎች ሲደግሙት፣ የማሽን ጥበቃ ሙያተኞችም ሳይቀሩ ጉድለቶችን በደረጃ ሲመድቡ ገንዘብ የሚያስወስደውን በላይ፣ ሥራ የሚያቆመውን በመካከል፣ «ማየትን ብቻ» የሚፈቅደውን ግን በታች ሲያኖሩት ሰምቼአለሁ። ዘመኑ በአንድ ድምፅ እንደሚለው የተገለጠ ነገር አልጎደለም፣ ያልጎደለም ነገር አልተበደለም። እኔ ግን ይህ ሐሳብ ከሥር እስከ ጫፍ ስሕተት ነው እላለሁ፤ በተለይም እኛ በምንኖርበት አገርና ከተማ ከማንኛውም ስፍራ ይልቅ የሚጎዳ ስሕተት ነው።

አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ ማስረዳት ይገባኛል። የቀድሞው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚባል ክፍል ነበረው፤ አሁንም አለው። በዚያ ክፍል የተቀመጠው ሹም ፋይሉን በቁጥር ደርድሮ፣ ማን በየትኛው ክፍል እንዳለ፣ ማን የማን አለቃ እንደ ሆነ፣ ማን ምን ለማድረግ ሥልጣን እንደ ተሰጠው ለሚገባው ሰው ብቻ ይነግር ነበር። ዳይሬክቶሪ ሰርቨር የዚህ ሹም ወራሽ ነው። ሥርዓቱ በ1988 እ.ኤ.አ. ኤክስ.500 በሚል ስም በዓለም አቀፍ የቴሌኮም ጉባኤ የተደነገገ ሲሆን፣ ከባድና አስቸጋሪ ስለ ነበረ በ1993 በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቲም ሃውስና ባልደረቦቹ ኤልዳፕ የተባለውን ቀለል ያለ የመጠየቂያና የመመለሻ ቋንቋ አወጡለት። ከዚያው ከሚሺጋን ሥራ የተወለደው አንዱ ሰርቨር በኔትስኬፕ እጅ አልፎ በ2004 በሬድ ሃት ኩባንያ ተገዝቶ፣ ዛሬ ኤልዳፕ ጥያቄ በሚቀበልበት በር ቁጥር 389 ዳይሬክቶሪ ሰርቨር ተብሎ ይጠራል። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የተለመደው የማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክቶሪም በዚሁ ቋንቋ ይናገራል፤ እንደ ተተከለም ከተተወ፣ ከዝቅተኛው ጸሐፊ ጀምሮ የይለፍ ቃል ያለው ሠራተኛ ሁሉ የመላውን መሥሪያ ቤት መዝገብ ለማንበብ ይችላል።

ይህ መዝገብ እንደ ዛፍ ነው፤ ከግንዱ ድርጅቱ፣ ከቅርንጫፉ ክፍሉ፣ ከቅጠሉ ሰውዬው ይገኛል። ለሰውዬውም ስሙ ብቻ አይጻፍለትም፤ የየትኛው ቡድን አባል እንደ ሆነ፣ የትኛውን በር እንደሚከፍት፣ ሒሳቡ የተዘጋ ይሁን የተከፈተ ይጻፍለታል። በፈረንጅ አገር ስም ማለት የግል ስምና የቤተ ሰብ መጠሪያ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ሦስት ስም የጻፈ መዝገብ የሦስት ትውልድ የዘር ሐረግ ጽፏል። የአያቱ ስም የተነገረለት ሰው የየት አገር ሰው እንደ ሆነ፣ ምን ቋንቋ ቤቱ እንደሚናገር፣ የሃይማኖቱ አዝማሚያ ወዴት እንደ ሆነ አድማጩ ሳይጠይቅ በልቡ ይገምታል። ስለዚህ «ስም ብቻ ነው» የሚለው ቃል ከውጭ በተዋሰነው መመሪያ ውስጥ ምን ዓይነት ትርጓሜ ቢኖረው፣ በእኛ አገር ከቶ እውነት ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ክርክሩ እምብርት እገባለሁ። አንድ የንስሐ አባት እናስብ። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በንስሐ የሰማውን ለማንም እንዳይገልጥ ይከለክለዋል። አንድ ተንኮለኛ ጠያቂ መጥቶ የሰዎችን ስም በተራ እየጠራ «እገሌ እንዲህ ያለውን ኃጢአት ተናዝዞልሃልን?» ቢለው፣ ካህኑም ላልተናዘዙት «የለም፣ አልነገረኝም» እያለ፣ የተናዘዘው ስም ሲጠራ ግን «ይህን ልነግርህ አልችልም» ቢል፣ አንድ ቃል ሳይናገር ምስጢሩን ሁሉ ገለጠ። ዝምታው ራሱ ምስክር ሆነበት። ይህን የሚያውቅ ጠንቃቃ ካህን ለንጹሑም ለበደለኛውም፣ ለመጣውም ላልመጣውም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል፤ አንዱን ነጻ ለማውጣት ብሎ እንኳ አፉን ቢከፍት ሌላውን አሳልፎ እንደሚሰጥ ያውቃልና። ምስጢር መጠበቅ ማለት ነገሩን አለመናገር ብቻ ሳይሆን፣ ነገሩ ያለ ወይም የሌለ መሆኑን ከመልሱ፣ ከፊቱና ከመዘግየቱ እንዳይታወቅ ማድረግ ጭምር ነው።

በ389 ዳይሬክቶሪ ሰርቨር ላይ ሲቪኢ በሚባለው የማሽን ጉድለቶች መዝገብ ሲቪኢ-2020-35518 በሚል ቁጥር የተመዘገበው ጉድለት ይኸው የካህኑ ስሕተት ነበር። አንድ እንግዳ፣ ምንም ዓይነት መታወቂያ ሳይኖረው፣ የአንድ ሰው ስምና የፈጠራ የይለፍ ቃል ሰጥቶ ለመግባት ቢሞክር፣ ማሽኑ በሁለቱም መንገድ ይከለክለዋል፤ ነገር ግን ስሙ በመዝገቡ ውስጥ ላለ ሰው የሚሰጠው መልስ ስሙ ለሌለው ሰው ከሚሰጠው መልስ ይለይ ነበር። በሩ ተዘግቷል፤ ጠባቂው ግን ከበሩ ኋላ ሆኖ «እርሱ እዚህ የለም» ወይም «ቁልፍህ አይሆንም» እያለ ለጠያቂው ይመልሳል። ከዚያም ቀደም ብሎ ሲቪኢ-2016-4992 የተባለው ጉድለት በዚሁ ሰርቨር ተገኝቶ ነበር፤ እርሱም አንድ ሰው አዲስ ስም ለመጨመር ደጋግሞ እየሞከረ፣ የእምቢታውን ቃል እያነጻጸረ፣ ለማየት ያልተፈቀደለት ነገር ያለ መሆኑን እንዲያውቅ የሚያስችል ነበር። በሁለቱም ጊዜ ከመዝገቡ አንድ ፊደል አልወጣም። በሁለቱም ጊዜ ግን መዝገቡ ተነበበ።

«ታዲያ አንድ ሰው በመዝገብ ውስጥ እንዳለ ቢታወቅ ምን ይጎዳዋል?» የሚለኝን ሰው ወደ ቡራዩ ይዤው እመጣለሁ። በዚህችና እንደ እርስዋ አዲስ አበባን በከበቡት ከተሞች፣ ጨረቃ ቤት እየተባለ የሚጠራውን፣ በሌሊት ቆሞ በነጋታው ጣሪያ የሚለብሰውን ቤት የማያውቅ የለም። የዚህ ቤት ባለቤት ስሙ በመዝገብ ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ ለእርሱ የጣሪያው ጥያቄ ነው። ቤት ሲፈርስ ያየ ሰው፣ ዕቃውን በመንገድ ዳር ከልጆቹ ጋር ከምሮ የተቀመጠ ጎረቤቱን ያየ ሰው፣ «አለ» እና «የለም» የሚሉት ሁለት አጫጭር ቃላት ምን ያህል እንደሚከብዱ ያውቃል። ይህን መልስ ከሚመለከተው ሹም በቀር ጎረቤቱ፣ ደላላው፣ ቂመኛውም እኩል ሊያገኘው የሚችል ከሆነ፣ በሰውዬው ሕይወት ላይ ሥልጣን የሰጠናቸው ሰዎች ቁጥር መጨረሻ የለውም።

ሌላም ነገር አለ፤ እርሱን ለመጻፍ እጄ ይከብደዋል። በ2011 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጀመሪያ፣ ገና አዲሱ ዓመት በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ በቡራዩና በአካባቢዋ ሰዎች በማንነታቸው ተለይተው ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትም ቤታቸውን ጥለው ወደ አዲስ አበባ ሸሹ። በዚያ ጊዜ የገዳዮቹ መሪ መዝገብ ነበረ አልልም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ለማወቅ ማሽን አላስፈለገውም። የምለው ይህ ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ ማን እንደሚኖር መታወቁ የሞት ምክንያት ሊሆን የሚችልበትን ቀን በዓይኑ ያየ ከተማ፣ የሰዎችን ስም፣ የአያታቸውን ስምና አድራሻቸውን ለማንም ጠያቂ የሚዘረዝር ማሽን አቁሞ «ምን ተወሰደ?» ለማለት ከሌሎች ከተሞች ሁሉ ያነሰ መብት አለው።

የተቃራኒዎቼ ጠንካራ ክርክር የስልክ ማውጫው ነው፤ ስለዚህ በቅንነት ልመልስለት። «ቴሌ የደንበኞቹን ስምና ቁጥር በመጽሐፍ አትሞ ሲያድል ማንም አልጮኸም፤ ዛሬ ምን መጣ?» ይላሉ። እውነት ነው፣ አልጮኽንም። ነገር ግን በዚያ መጽሐፍ የተጻፈው ስልክ ያለው ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም እንዲደወልለት ብሎ የተጻፈ ነው። መጽሐፉ የቡድን አባልነትን፣ የተዘጋ ሒሳብን፣ የበር ሥልጣንን አያውቅም ነበር። ከሁሉም በላይ መጽሐፉን የሚያነበው የሰው ዓይን፣ የሚገልጠውም የሰው ጣት ነበርና፣ አንድ ሺህ ስም ለመሰብሰብ የፈለገ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ መዋል ነበረበት። ማሽኑ ግን ሻይ ተቀድቶ ሳይቀዘቅዝ መዝገቡን በሙሉ ይቀዳል፤ ከሌላ ቦታ ከተገኘ መዝገብ ጋርም ያጋጥመዋል። የስልክ ማውጫው የሰው ጓዳ አልነበረም፤ ዳይሬክቶሪ ሰርቨር ግን የጓዳው ቁልፎች የተንጠለጠሉበት ግድግዳ ነው።

«ምንም አልተወሰደም» የሚለው ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል፤ ሥርዓቱ ተዛብቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉም፤ ከ490 ሺህ በላይ የገንዘብ እንቅስቃሴም ተመዘገበ። አገሩ ሁሉ ተነሣ፤ መግለጫ ተሰጠ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው ማስጠንቀቂያ አወጡ፤ አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ። ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ሲለጠፍ ግን፣ የሰው ፊት በአደባባይ መውጣቱ ራሱን የቻለ ነገር መሆኑን ያነሣው ሰው ጥቂት ነበር። ባለ ዕዳው ይመልስ፤ እኔ ለእርሱ አልከራከርም። ነገር ግን ከዚያ ሳምንት የምማረው ይህ ነው፦ የወጣ ገንዘብ ይመለሳል፣ የወጣ ስም ግን አይመለስም። ባንኩ ብሩን ቆጥሮ ተረክቧል፤ የተለጠፈውን ፊት ካየው ዓይን ውስጥ መልሶ ሊያወጣው የሚችል ባንክ ግን በዓለም የለም። ስለዚህ የትኛው ጉዳት ይበልጣል ተብሎ በሚዛን ቢጠየቅ፣ ሊካስ የሚችለው ከማይካሰው ያንሳል ብዬ እመልሳለሁ።

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣም ሌላ ምስክር ነው። 25 ሺህ 491 ቤቶች ከወጡ በኋላ፣ ዕጣው ውስጥ እንዲገቡ የሚገባቸው 79 ሺህ ያህል ሰዎች ሆነው ሳለ ከ172 ሺህ በላይ ስም መግባቱ ታወቀና ዕጣው ተሰረዘ። መዝገብ መጣመሙ ሲገለጥ ከተማው በጠቅላላ ተቆጣ፣ መቆጣቱም ተገቢ ነበር። የሚገርመኝ ግን፣ መዝገብ ሲጣመም እንዲህ የምንቆጣ ሰዎች መዝገብ ሲራቆት ለምን ልባችን አይነካም የሚለው ነው።

መልሱ ከታሪካችን ይገኛል ብዬ አምናለሁ። አባቶቻችን የርስትና የጉልትን ውል በወንጌሉ ብራና ኅዳግና በባዶ ገጾቹ ላይ ያጽፉ ነበር፤ ከውሉም በታች ይህን የፋቀ፣ የሰረዘ፣ የለወጠ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተወገዘ ይሁን እያሉ በግዝት ያትሙት ነበር። ግዝቱ የሚፍቀውን ነው፤ የሚያነበውን አይደለም። ለምን ቢሉ፣ መጽሐፉ በቤተ መቅደሱ ዕቃ ቤት ተቆልፎ፣ ቁልፉ በቄሰ ገበዙ እጅ ሆኖ፣ ቢከፈትም ፊደል የሚያውቅ ሰው ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ በማንበብ የሚመጣ ጥፋት አልነበረምና ነው። ቁልፉ፣ ገበዙና የፊደል ማነስ ሦስቱም ያለ ግዝት ምስጢርን ይጠብቁ ነበር። ዛሬ ሦስቱም ሄደዋል። ፊደል የሚያውቅ በዝቷል፤ ገበዙ በማሽን ተተክቷል፤ ዕቃ ቤቱ በሽቦ ከመላው ዓለም ጋር ተያይዟል። ከአባቶቻችን የወረስነው ስሜት ግን እንዳለ ቀርቶ፣ ፋቂውን እንረግማለን፣ ገላጩን እንተወዋለን። ሕጉ እንኳ ከእኛ ቀድሞ ነቅቷል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ራሱን፣ ከገባ በኋላ ምንም ባይወስድም፣ ወንጀል ብሎታል።

ሦስተኛው ክርክር የሙያተኞቹ ነው፤ «ይህ ጉድለት በመለኪያው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ደረጃ የተሰጠው ነው፣ ስለዚህ ይቆይ» ይላሉ። መለኪያውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ማሽንን እንጂ ሰውን አይለካም። በማሽኑም ረገድ ቢሆን መግለጥ ሁልጊዜ ትንሽ ነው ማለት ሐሰት ነው። ሚያዝያ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ ቪሴንተር በተሰኘው ሥራው ውስጥ በሚገኘው ዳይሬክቶሪ ላይ «የመረጃ መገለጥ» ጉድለት መኖሩን ሲያስታውቅ፣ የተሰጠው ነጥብ ከ10 አሥሩ ነበር። ጋርዲኮር የተባሉ መርማሪዎች ነገሩን ሲፈትሹት፣ ማየትን ብቻ ይፈቅዳል የተባለው ቀዳዳ ያልታወቀ ሰው ለራሱ አዲስ የአስተዳዳሪ ስም እንዲጽፍ የሚያስችል ሆኖ አገኙት። በ2012 እ.ኤ.አ. በ389 ሰርቨር የተገኘውም ጉድለት፣ አንድ ሰው የይለፍ ቃሉን ሲለውጥ ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ አዲሱ ቃል ሳይመሰጠር እንዲነበብ የሚያደርግ ነበር። ለጥንቃቄ ብሎ የይለፍ ቃሉን የለወጠው ሰው፣ ካልለወጠው ይልቅ ተጋለጠ።

በቪኤምዌሩ ነገር ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ለእኛ ከተማ የሚናገረው አለውና። ያ ጉድለት በአዲስ በተተከለ ማሽን ላይ አልነበረም፤ ከቀድሞው እትም ወደ አዲሱ ባደገ ማሽን ላይ ብቻ ነበር። አሮጌው ዘመን የሚያውቀውን የላላ ልማድ፣ ከአሮጌዎቹ ጋር እንዲስማማ ሲባል ይዞ ስለ ተሻገረ፣ አዲሱ ጠባቂ «ማነህ?» ብሎ መጠየቅ ባለበት ቦታ አልጠየቀም። ከተሞች ሲዋሐዱም መዝገቦች ይዋሐዳሉ። የቡራዩ፣ የሰበታ፣ የሱሉልታ መዝገብ ቤቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ልማድ፣ የራሳቸው ቸልታ፣ የራሳቸው «ለእርሱ ይታይለት፣ የእኛ ሰው ነው» ነበራቸው። አሁን በሸገር ጉድለት ተገኝቷል አላልሁም፣ አልልምም። ነገር ግን አሮጌውን ወደ አዲስ የሚያሻግር ሰው ሁሉ፣ ከፋይሉ ጋር የትኛው የላላ ልማድ አብሮ እንደ ተሻገረ ከመጀመሪያው ቀን መመርመር ግዴታው ነው፤ «ሲመች ይስተካከላል» የሚባልበት ጊዜ ይህ አይደለም።

«ለመሆኑ በቡራዩ ያለ አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት መዝገብ ማን ሊፈልገው?» ለሚሉኝ አጭር መልስ አለኝ። የሩቁ ሌባ በማሽን ነው የሚፈልገው፤ ማሽኑም የትልቅና የትንሽ መሥሪያ ቤት ልዩነት አያውቅም፣ 389ኛውን በር ከዓለም ዳር እስከ ዳር ያንኳኳል። የቅርቡ ጠያቂ ግን ከእርሱ የባሰ ነው። ከሚደበድባት ባል ሸሽታ ቡራዩ የተከራየችን ሴት የኒው ዮርክ ሌባ አይፈልጋትም፤ ባልዋ ይፈልጋታል። የት እንደምትሠራ፣ በየትኛው ክፍል እንዳለች የሚነግረው ማሽን ካገኘ ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃል አያስፈልገውም። መዝገብ በትንሽ ከተማ ውስጥ ከትልቅ ከተማ ይልቅ ይገድላል፤ አንባቢው የተነበበውን ሰው በመልኩ ያውቀዋልና።

የነገሩን ክብደት ከሌሎች ሕዝቦች ታሪክ ለመማር የሚፈልግ ሰው አምስተርዳምን ይመልከት። የሆላንድ መንግሥት በሰላሙ ጊዜ፣ በቅን ልቡና፣ የዜጎቹን ስም፣ አድራሻና ሃይማኖት በጥሩ ሥርዓት መዝግቦ ይዞ ነበር። ናዚዎች አገሩን ሲይዙ ያ ጥሩ መዝገብ አይሁድን ከየቤታቸው ለመልቀም መሣሪያ ሆነ። መጋቢት 18 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ ቪለም አሮንዴውስ የተባለ ሠዓሊና ጓደኞቹ የፖሊስ ልብስ ለብሰው ወደ አምስተርዳም የሕዝብ መዝገብ ቤት ገቡና በፈንጂና በእሳት የካርዶቹን ከፊል አጠፉ፤ ከእነርሱም 12ቱ ተይዘው በጥይት ተገደሉ። ከሆላንድ አይሁድ ከመቶ ሰባ አምስት ያህሉ አልቀዋል። እነዚያ ሰዎች ሕይወታቸውን የሰጡት ባንክ ለመጠበቅ ወይም መሣሪያ ለመማረክ አይደለም፤ አንድ የስም ዝርዝር እንዳይነበብ ነው። «ስም ብቻ ነው» የሚል ሰው ለእነርሱ ምን እንደሚላቸው አላውቅም።

እኛም እንግዲህ ከዚህ በፊት ያልነበረንን ታላቅ መዝገብ በመሥራት ላይ ነን። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ፋይዳ ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል፤ የአሥሩን ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን ብሌን፣ የፊቱንም ምስል ይወስዳል። ይህን ሥራ አልቃወምም፤ መታወቂያ የሌለው ድኻ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ስንት ጊዜ እንደ ተመለሰ አውቃለሁና። ነገር ግን ከታላቁ መዝገብ ጋር የሚገናኙት ትንንሾቹ መዝገቦች፣ የባንኩ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የክሊኒኩ፣ የወረዳው፣ ወጣቱ እንደ ነገረኝ ዓይነት ጠባቂ ካላቸው፣ የማዕከሉ ግንብ ምን ያህል ቢወፍር አያድነንም። የይለፍ ቃል ይለወጣል፣ የስልክ ቁጥር ይለወጣል፣ ጣትና ዓይን ግን አይለወጡም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃ የያዘ ሁሉ ጥሰት በደረሰ ጊዜ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ከሕጉ ሁሉ የወደድሁት ይህን ነው፤ ምክንያቱም የቆየውን ልማዳችንን በቀጥታ ይነካዋል። በየመሥሪያ ቤታችን ያለው ሥርዓት የተገለበጠ ነው፦ የዜጋው ምስጢር ተከፍቶ ያድራል፣ የመሥሪያ ቤቱ ጉድለት ግን እንደ መንግሥት ምስጢር ይጠበቃል። ጉድለቱን የተናገረ ወጣት «ስማችንን አጠፋህ» ተብሎ ይገሠጻል፤ የሺህ ሰዎች ስም በአደባባይ ሲሰጣ ግን የማንም ስም እንደ ጠፋ አይቆጠርም። የመሥሪያ ቤት ስም ጠፋ የሚባለው መዝገቡን ሳይዘጋ ሲቀር እንጂ ክፍት መሆኑን በገዛ አፉ ሲናገር አይደለም።

ሥራውም ከባድ አይደለም፤ ይህን ስል ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ ተረድቼ ነው። ማንነቱን ያልተናገረ ጠያቂ ምንም እንዳያይ መከልከል፤ ማንነቱን የተናገረውም ለሥራው ከሚያስፈልገው በቀር እንዳያይ መወሰን፤ ጥያቄና መልሱ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ በ636ኛው የተመሰጠረ በር እንዲያልፍ ማድረግ፤ ሰርቨሩን ከኢንተርኔት ፊት ማንሣት፤ ሠሪዎቹ ማረሚያ ባወጡ ቀን ማረም። ከላይ ለጠቀስኋቸው የ389 ሰርቨር ጉድለቶች ሁሉ ማረሚያ ወጥቶላቸዋል፤ ማረሚያውም ያለ ዋጋ ለሁሉም የተሰጠ ነው። የጎደለው ገንዘብ አይደለም፣ ዕውቀትም አይደለም፤ የጎደለው «ታየ» የሚለው ቃል «ተበደለ» እንደ ማለት መሆኑን ማመን ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ወጣቱ አውቆኝ ወንበር ሳበልኝ። አንድ ነገር ለመንሁት፤ የማንንም መዝገብ እንዲያሳየኝ አልነበረም። በማሽኑ ፊት ተቀምጦ ሁለት ስም እንዲጽፍ ነገርሁት፤ አንዱ የገዛ እናቱን፣ በዚያ መሥሪያ ቤት ባለ ጉዳይ የሆኑትን፣ ሌላው ደግሞ በምድር ላይ የሌለ፣ ከልቡ የፈጠረውን። ለሁለቱም የተሳሳተ የይለፍ ቃል ሰጠ። ለፈጠረው ስም ማሽኑ እንዲህ ያለ ሰው የለም አለ። ለእናቱ ስም የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም አለ። ወጣቱ ሁለቱን መልሶች ደጋግሞ አነበባቸው፤ ከዚያም ምንም ሳይናገረኝ ስልኩን አንሥቶ ወደ አለቃው ደወለ።